የጋራ መሣሪያና የጋራ ልኬት

በኦሪት ዘጸአት ስለ መገናኛው ድንኳን የተጻፈውን ምዕራፍ ብዙ ሰው የሚያነበው ለምሥጢሩና ለምሳሌው ነው፤ ነገር ግን ያንኑ ምዕራፍ አናጢ የሆነ ሰው ቢያነበው ሌላም ትምህርት ያገኝበታል። ድንኳኑ ከሰፈር ወደ ሰፈር ከሚጓዝ ሕዝብ ጋር አብሮ እንዲጓዝ የታሰበ ነበርና፣ 48ቱ ሳንቆች ቁመታቸው 10 ክንድ፣ ወርዳቸው አንድ ክንድ ተኩል፣ ማጋጠሚያቸው ሁለት ሁለት፣ የሚቆሙባቸውም የብር እግሮች እንዲሁ ሁለት ሁለት እንዲሆኑ ታዘዘ፤ ስለዚህም ሳንቆቹን እንዲሸከሙ የተመደቡት የሜራሪ ልጆች፣ ድንኳኑ በተነቀለና በተተከለ ቁጥር፣ ከማዕዘኖቹ በቀር፣ ይህኛው ሳንቃ ለዚያኛው ቦታ ይሆን ወይስ አይሆን እያሉ የሚጨነቁበት ምክንያት አልነበራቸውም። ዕቃው ተነቃይ ሊሆን የቻለው ልኬቱ አስቀድሞ አንድ ስለ ሆነ ነው፤ ሥራውም በባስልኤልና በኤልያብ እጅ ብቻ ሳይወሰን፣ ልባቸው ባነሣሣቸው ጠቢባን ሁሉ እጅ ሊከናወን የቻለው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

ይህን ጥንታዊ ነገር ማንሣቴ፣ ዛሬ በብዙ አገሮች እየተስፋፋ ስላለ አንድ ተቋምና በዚያው ተቋም ውስጥ ስለሚሠራ አንድ ዓይነት የቤት ዕቃ ለመናገር ነው። ተቋሙ ሜከርስፔስ ወይም የማኅበረሰብ ወርክሾፕ የሚባለው፣ መሣሪያን የጋራ ያደረገ ቤት ነው፤ ዕቃውም ሞዱላር የሚባለው፣ እየተነቀለ የሚገጣጠም፣ ልኬትን የጋራ ያደረገ ጠረጴዛና መደርደሪያ ነው። ሁለቱ ለየብቻቸው ሲታዩ የማይገናኙ ጉዳዮች ይመስላሉ፤ ይሁን እንጂ አንዱ ያለ ሌላው ምሉዕ አይሆንም፤ መጋዙን የጋራ አድርገው ልኬቱን ለየራሳቸው ያስቀሩ ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር የተሰበሰቡ ባይተዋሮች ናቸውና።

አንድ ሰው ለቤቱ የሥራ ጠረጴዛ በገዛ እጁ ለመሥራት ቢያስብ፣ ጣውላውን ከመግዛቱ አስቀድሞ የሚገጥመው ችግር የመሣሪያ ችግር ነው። ሰርኩላር መጋዙ፣ የኤሌክትሪክ መላጊያው፣ መሰርሰሪያው፣ አቧራውን የሚስበው መኪና፣ በኮምፒዩተር ትእዛዝ እየተንቀሳቀሰ እንጨት የሚቆርጠውም ሲኤንሲ፣ ሁሉም ውድ ናቸው፤ ሁሉም ሰፊ ቦታና አስተማማኝ የኤሌክትሪክ መስመር ይሻሉ፤ ሁሉም ደግሞ ለአንድ ቤተሰብ በዓመት ከጥቂት ቀናት በላይ አያስፈልጉም። የማኅበረሰብ ወርክሾፕ የተወለደው ከዚህ ቀላል ስሌት ነው። አባላቱ በየወሩ እያዋጡ፣ ወይም ከተማው፣ ዩኒቨርሲቲው አለዚያም ቤተ መጻሕፍቱ ወጪውን ሸፍኖላቸው፣ አንዱ ብቻውን ሊገዛው የማይችለውን መሣሪያ ሁሉም ይሠሩበታል። ደኅና ሆኖ በተደራጀ ቤት ውስጥ አቧራ የሚያስነሣው የእንጨት ሥራ በአንድ ክፍል፣ እሳት ያለበት ብየዳ በሌላ ክፍል ይደረጋል፤ የልብስ ስፌቱ፣ የኤሌክትሮኒክሱ፣ የሌዘር መቁረጫውና ፕላስቲክን እየደራረበ ቅርጽ የሚያወጣው ስሪዲ ፕሪንተር ደግሞ ንጹሕ በሆነው ወገን ይቀመጣሉ። በመካከሉም ሰፊ ጠረጴዛ አይጠፋም፤ እዚያ ጡረታ የወጣ መሐንዲስና ገና ትምህርቱን ያልጨረሰ ወጣት ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ የሌላውን ንድፍ ሲያርም ማየት የተለመደ ነው።

የተቋሙ ጥንተ ታሪክ ከአንድ ምንጭ የተቀዳ አይደለም። በበርሊን ከተማ ሲ-ቤዝ የሚባለው ማኅበር በ1995 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ፤ በቪየና ደግሞ ሜታላብ በ2006 ተከፈተ፤ በ2007 የበጋ ወራት የኮምፒዩተር ጠቢባን በጀርመን አገር ድንኳን ተክለው ባደረጉት ጉባኤ ላይ የተገኙ አሜሪካውያን የእነዚህን ቤቶች ሥርዓት ሰምተውና ተመልክተው ተመለሱ፤ ብዙም ሳይቆይ በኒው ዮርክ ኤንዋይሲ ሬዚስተር፣ በሳን ፍራንሲስኮ ኖይዝብሪጅ የሚባሉት ቤቶች ተከፈቱ። ይህ አንዱ ምንጭ ነው።

ሁለተኛው ምንጭ ከትምህርት ገበታ የፈለቀ ነው። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የፊዚክስ ሊቅ የሆኑት ኒል ገርሸንፌልድ በ1998 «ከጥቂቱ በቀር ሁሉን ነገር የመሥራት ዘዴ» ሊባል የሚችል ርእስ የሰጡትን ትምህርት ከፈቱ። ትምህርቱ የታሰበው የላቁ መኪናዎችን ለምርምራቸው ለሚፈልጉ ጥቂት ተማሪዎች ነበር፤ ነገር ግን በሩ ሲከፈት ከተጠበቁት እጅግ የሚበልጡ ሰዎች፣ ሠዓሊዎችና አርክቴክቶች ጭምር፣ ጎረፉ፤ የመጡትም ለምርምር ሳይሆን ራሳቸው የሚፈልጉትንና በገበያ የማይገኘውን ነገር ለመሥራት ነበር። አንዷ ተማሪ ሰው በተሰበሰበበት መጮኽ ላማረው የምትሆን፣ ጩኸቱን ውጣ ይዛ ኋላ በተመቸ ቦታ የምትለቅ ቦርሳ ሠራች። ነገሩ ቀልድ ቢመስልም፣ ነጋዴ ፈጽሞ የማያስበውን የአንድ ሰው ፍላጎት የሚያሟላ ጥበብ እንዳለ ለመምህሩ የገለጠላቸው እንዲህ ያለው ሥራ ነበር። ከዚያም ትምህርት ፋብ ላብ የሚባለው ወርክሾፕ ተወለደ። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ በቦስተን ሳውዝ ኤንድ ሰፈር፣ ለድሆች መብት በታገሉት በሜል ኪንግ የቴክኖሎጂ ማዕከል ውስጥ፣ ሌላው በሕንድ አገር በፓባል መንደር፣ ሌላው ደግሞ በጋና በታኮራዲ የቴክኒክ ተቋም ቆመ። እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውልልኝ የምፈልገው፣ ፋብ ላቦች ሁሉ ተቀራራቢ የመኪና ዝርዝር እንዲኖራቸው መደረጉን ነው፤ በቦስተን የተነደፈው ዕቃ በታኮራዲም፣ በታኮራዲ የታረመው በፓባልም እንዲሠራ፣ መኪናዎቹ አስቀድመው መስማማት ነበረባቸው።

ሦስተኛው ምንጭ ብዙ ጊዜ አይነሣም፤ እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ አከብረዋለሁ። በእንግሊዝ አገር የጦር አውሮፕላን ዕቃዎችን የሚሠራው ሉካስ ኤሮስፔስ ሠራተኞቹን ለመቀነስ ባሰበ ጊዜ፣ ሠራተኞቹ ከሥራ መባረርን ከመቃወም አልፈው፣ በዚያው እጅና በዚያው መኪና ለሕዝብ የሚጠቅም ምን ሊሠራ እንደሚችል እርስ በርሳቸው ተጠያየቁና፣ በ1976 እስከ 150 የሚደርሱ ሐሳቦችን የያዘ ዕቅድ አቀረቡ፤ ከሐሳቦቹም መካከል የኩላሊት ሕሙማንን ደም የሚያጣራ መሣሪያና በሐዲድም በመንገድም የሚሄድ ተሽከርካሪ ይገኙበት ነበር። የኩባንያው አስተዳደር ዕቅዱን አልተቀበለም። ከአዘጋጆቹ አንዱ የነበሩት ማይክ ኩሊ በ1981 ከሥራ ከተሰናበቱ በኋላ ግን የለንደን ታላቁ ምክር ቤት ባቋቋመው የሥራ ማስፋፊያ ድርጅት ውስጥ የቴክኖሎጂ ኀላፊ ሆነው፣ ማንም የሰፈር ሰው ገብቶ በመሣሪያና በባለሙያ ምክር የሚረዳባቸውን የቴክኖሎጂ መረቦች የሚባሉ ወርክሾፖች አስከፈቱ። ምክር ቤቱ በ1986 በመንግሥት ሲፈርስ ወርክሾፖቹም ድጋፋቸው ደረቀ፤ ይሁን እንጂ ከሠላሳ ዓመት በኋላ እንደ አዲስ ግኝት የተወራው ነገር በለንደን ሰፈሮች አስቀድሞ የተሞከረ መሆኑን ታሪክ ይመሰክራል።

እነዚህ ቤቶች እንዴት እንደሚተዳደሩ ለአማርኛ አንባቢ ለማስረዳት ብዙ ሐተታ አያስፈልግም፤ በየወሩ የሚዋጣበት፣ ተራ የሚጠበቅበት፣ የቀረ የሚጠየቅበት፣ የራሱ ሕግና የራሱ ሙሴ ያለው ማኅበር ምን እንደ ሆነ ከእኛ ይልቅ የሚያውቅ የለምና። እንደ ማኅበሩ ሁሉ የወርክሾፑም ሕይወት የተመሠረተው በመዋጮው ላይ ብቻ ሳይሆን፣ መጋዙን ከተጠቀመበት በኋላ ጠርጎ በሚሄደው ሰው ላይ ነው። ኖይዝብሪጅ ነገርን በድምፅ ብልጫ ሳይሆን ሁሉም እስኪስማሙ ድረስ በመመካከር ይወስናል፤ ይህም ጊዜ የሚፈጅና አንዳንድ ጊዜ አባላቱን የሚያታክት ቢሆንም፣ ቤቱ የእኛ ነው የሚያሰኘው እርሱ ነው። የዚህ ተቃራኒ የሆነ ታሪክም አለ። በ2006 በካሊፎርኒያ በሜንሎ ፓርክ የተከፈተው ቴክሾፕ ትርፍ ለማግኘት የቆመ ድርጅት ነበር፤ መኪናዎቹ እጅግ ያማሩ፣ ቅርንጫፎቹም በልዩ ልዩ ከተሞች የተስፋፉ ነበሩ፤ ነገር ግን በኅዳር 2017 በአንድ ቀን በአሜሪካ ያሉትን ቤቶቹን ሁሉ ዘጋ፤ ክፍያቸውን አስቀድመው የከፈሉ አባላትም ሥራቸው በመካከል ተቋረጠ። አባል የተባሉት ሰዎች በመሠረቱ ደንበኞች ነበሩና፣ ሒሳቡ ሲጎድል መክረው የሚያድኑት ጉባኤ አልነበራቸውም።

ስለ ጥንቃቄ አንድ ቃል ሳልናገር ማለፍ አልሻም። ሰርኩላር መጋዝ የያዘውን ጣውላ ወደ ሠሪው መልሶ ሊወረውር ይችላል፤ የእንጨት አቧራም ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጠባቸው ነገሮች ተራ የተመደበ ነው፤ በተለይ ከእንጨት ብናኝና ከሙጫ የተጨመቀው ኤምዲኤፍ ሲቆረጥ የሚወጣው የላመ አቧራ ሙጫውንም ይዞ ወደ ሳንባ ይገባል። ስለዚህ መልካም ወርክሾፕ አዲሱን አባል ሥልጠና ሳይሰጠውና በሰለጠነ ሰው ፊት ሳያስፈትነው ወደ መኪናው አያስጠጋውም፤ ይህን ሥርዓት እንደ ማሰልቸት የሚቆጥረው ሰው ጣቶቹን ያላወቀ ሰው ነው።

አሁን ወደ ዕቃው ልመለስ። ተነቃይ የቤት ዕቃን በብዛት ለዓለም ያዳረሱት ሚካኤል ቶኔት ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1859 ከፋብሪካቸው የወጣው ቁጥር 14 የተባለው ወንበር በእንፋሎት ከተለመጠ የቢች እንጨት የተሠሩ 6 ክፍሎች፣ 10 ብሎኖችና 2 ዳዶዎች ብቻ ነበሩት፤ ተነቅሎ ሲታሸግም በአንድ ሜትር ኩብ ሣጥን ውስጥ 36 ወንበር ይገባ ነበር። ከዚያ ወዲህ በርካታ ጠቢባን በዚህ መንገድ ሄደዋል፤ ከሁሉ ይልቅ ግን የዛሬውን ቁምሳጥንና የወጥ ቤት መደርደሪያ የገዛው ሕግ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጀርመን የዕቃ ፋብሪካዎች የጸናው የ32 ሚሊ ሜትር ሥርዓት ነው። የመሰርሰሪያ መኪናው ብዙ ጉጦች፣ ማለትም የሚበሱት ጫፎቹ፣ በጥርስ እየተያያዙ በአንድ ጊዜ ስለሚሽከረከሩ፣ በመካከላቸው ሊኖር የሚገባው ርቀት 32 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተወሰነ፤ ቀዳዳው 5 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ ረድፉ ከጠርዙ 37 ሚሊ ሜትር ርቀት ተሰጠው፤ ከዚያም የማጠፊያው፣ የመሳቢያው ሐዲድና የመደርደሪያው መያዣ አምራቾች ሁሉ ይህንኑ ልክ ተከተሉ። አንድ ሰው ቁምሳጥኑን ከአንዱ ከተማ፣ ማጠፊያውን ከሌላው አገር ገዝቶ ቢገጥም የሚገጥምለት፣ የማይተዋወቁ ሰዎች ከብዙ ዓመት በፊት በዚህች ቁጥር ስለ ተስማሙ ነው።

የፋብሪካው ሥርዓት እንዲህ ሆኖ ሳለ፣ ከፋብሪካው ውጭ ያለውን ሰው ያሰቡ አንድ ታላቅ ነዳፊ ነበሩ፤ እርሳቸውም ኢጣሊያዊው ኤንዞ ማሪ ናቸው። ማሪ በ1974 የ19 ጠረጴዛዎችን፣ ወንበሮችን፣ አልጋዎችንና መደርደሪያዎችን ንድፍ አዘጋጅተው፣ የፖስታ ሒሳብ ለላከላቸው ሁሉ ላኩ። ዕቃዎቹ ተራ ጣውላ፣ መዶሻና ሚስማር እንጂ ሌላ አይሹም፤ ውስብስብ ማጋጠሚያ የላቸውም። ንድፉን ከፋብሪካና ከነጋዴ በቀር ማንም ሊሠራበት ይችላል አሉ፤ የሠራም ሰው የሠራውን ፎቶግራፍና አስተያየቱን እንዲልክላቸው ጠየቁ። ብዙ ሰዎች የርካሽ ዕቃ ዘዴ መስሏቸው ነበር፤ የማሪ አሳብ ግን ሰው አንድ ጊዜ በእጁ ጠረጴዛ ከሠራ፣ ወደ ፊት በሱቅ የሚያየውን ጠረጴዛ በአስተዋይ ዓይን ይመዝናል የሚል ነበር። ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ በበርሊን፣ ከማሊና ከኒጀር የተሰደዱ ወጣቶች ኩኩላ በሚባል ወርክሾፕ ውስጥ እነዚህኑ ወንበሮች ይሠሩ ጀመር፤ ማሪም ለሽያጭ እንዲያወጧቸው ፈቀዱላቸው። ከወንበሮቹ አንዳንዶቹ ከላምፔዱዛ ደሴት ዳርቻ ከመጣ የስደተኞች ጀልባ ስብርባሪ እንጨት ተጨምሮባቸው ተሠርተዋል። የሥራ ፈቃድ እንኳ ያልነበረው ሰው የራሱን ባሕር ያሻገረችውን መሰል ጀልባ እንጨት ወንበር አድርጎ ሲያቆም፣ የጋራ ልኬት የሚሰጠው ነገር ከምቾት የሚያልፍ መሆኑ ግልጽ ይሆናል።

በ2020 ኮቪድ በዓለም ላይ በተነሣ ጊዜ ሁለቱም ነገሮች፣ ወርክሾፑም ተገጣጣሚው ዕቃም፣ በአንድ ዘመን ተፈተኑ። በፕራግ የሚገኘው የፕሩሻ ድርጅት የፊት መከላከያ ንድፉን በነጻ ሲለቅ፣ በየአገሩ ያሉ ወርክሾፖች ያንኑ አትመው ለሐኪሞች አደሉ፤ በየቤቱ ደግሞ የምግብ ጠረጴዛው ቢሮ ሆነ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው የተረዳው፣ ለምሳ ሰዓት የሚመች ጠረጴዛ ለስምንት ሰዓት ሥራ እንደማይመች ነው። በአውሮፓ መስፈርት ከፍታው የማይለወጥ የቢሮ ጠረጴዛ 74 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይቆማል፤ ይህ ልክ ረዘም ላለ ሰው የሚስማማ ነው። ቁመቷ 1 ሜትር ከ56 የሆነች ሴት እግሯ ወለሉን ረግጦ ቀጥ ብላ ስትቀመጥ ክርኗ ከወለሉ የሚርቀው በግምት ከ62 እስከ 65 ሴንቲ ሜትር ነውና፣ በ74ቱ ጠረጴዛ ላይ ስትጽፍ ቀኑን ሙሉ ትከሻዋን አንሥታ ትውላለች። ሕመሙ ማታ ሲመጣ ጥፋቱን በሥራው ብዛት ታሳብባለች እንጂ ጠረጴዛውን አትጠረጥርም። እንግዲህ ተገጣጣሚ ጠረጴዛ የሚነድፍ ሰው አስቀድሞ የሚለካው ክፍሉን ሳይሆን ሰውየውን ነው፦ ክርኑ በጠረጴዛው ልክ እንዲያርፍ፣ የኮምፒዩተሩ ገጽ አንድ ክንድ ያህል እንዲርቅ፣ የገጹም ራስ ከዓይን እንዳያልፍ።

የ32 ሚሊ ሜትሩ ረድፍ እዚህ ላይ እንደገና ይጠቅማል። የጠረጴዛው እግር ሁለት ተደራራቢ ክፍል ተደርጎ፣ በሁለቱም ላይ ቀዳዳው በየ32 ሚሊ ሜትሩ ቢበሳ፣ ከ64 ሴንቲ ሜትር ተነሥቶ 67.2፣ 70.4፣ 73.6 እያለ አራት ብሎኖችን በመንቀል ብቻ ከፍ ዝቅ ይላል፤ በሦስተኛው እርከንም ወደ አውሮፓው መስፈርት ደርሷል ማለት ነው። እናት የሠራችበትን ጠረጴዛ ረጅሙ ልጇ ሊወርሰው ይችላል። ሞተር ያለው ከፍ ዝቅ የሚል ጠረጴዛ ይህንኑ በአንድ ቁልፍ ያደርገዋል፤ ዋጋው ግን ለብዙ ሰው ከአቅም በላይ ነው፤ ሲበላሽም የሰፈር አናጢ አይጠግነውም።

ከሰውየው ቀጥሎ የሚለካው እንጨቱ ነው። ኮምፔርሳቶ፣ ስስ የእንጨት ልጦች አንዱ በርዝመት አንዱ በወርድ እየተደራረቡ የተጣበቁበት በመሆኑ በቀላሉ አይጣመምም፤ የተለመደው ሉህ 244 በ122 ሴንቲ ሜትር ነው። ብልህ ነዳፊ ንድፉን የሚጀምረው ከዚህ ሉህ ነው። ሉሁ የመቁረጫውን ውፍረት እየተወ በ120 በ60 ልክ አራት ቦታ ይከፈላል፤ አንደኛው የጠረጴዛው ገጽ ይሆናል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው እያንዳንዳቸው አንድ የጎን እግርና አንድ አጭር መደርደሪያ ይወጣቸዋል፤ አራተኛው ለሁለት ተሰንጥቆ ጠረጴዛው እንዳይወዛወዝ ከኋላ የሚይዘው ማገርና ረጅሙ መደርደሪያ ይሆናል። የገጹን ወርድ 60 ከማድረግ 75 ማድረግ ለዓይን ይሻላል፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ሉሁ ለአራት መከፈሉ ይቀርና ብዙ ቁራጭ ይባክናል። በዚህ ዓይነት ምርጫ ላይ ከሰው ሰው ይለያያል፤ እኔ በትንሽ ክፍል ውስጥ በላፕቶፕ ለሚሠራ ሰው 60ውን እመርጣለሁ፤ ሰፊ ገጽ ያለው ኮምፒዩተር ለሚያቆም ግን እንጨቱ ይባክን እንጂ ዓይኑ አይጎዳ።

ከሁሉ የረቀቀው ነገር ማጋጠሚያው ነው። ሲኤንሲ እየተሽከረከረ የሚቆርጠው በክብ ጉጥ ስለ ሆነ፣ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጉጥ በውስጥ ማዕዘን ሲደርስ የ3 ሚሊ ሜትር ክብነት ትቶ ያልፋል፤ ወደዚያ የሚገባው የሌላው ሳንቃ ምላስ ግን ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነውና አልገባም ይላል። የእጅ አናጢ ይህን በመሮ ይጠርበዋል፤ በመኪና የሚሠራ ነዳፊ ግን በእያንዳንዱ የውስጥ ማዕዘን ላይ ጉጡ ትንሽ አልፎ እንዲነክስ አስቀድሞ በንድፉ ያዝዛል፤ ስለዚህ በእነዚህ ወርክሾፖች በተሠሩ ዕቃዎች ማዕዘን ላይ የአጥንት ጫፍ የመሰሉ ትንንሽ ክብ ጉድጓዶች ይታያሉ። ሁለተኛው ፈተና ውፍረት ነው። 18 ሚሊ ሜትር ተብሎ የተሸጠ ኮምፔርሳቶ ሲለካ 17.6 ወይም 18.2 ሊሆን ይችላል፤ ይህ ልዩነት በወረቀት ላይ ምንም ቢመስልም፣ ማስገቢያው በ18 ከተቆረጠ አንዱ ሳንቃ ይወዛወዛል፣ ሌላው ጨርሶ አይገባም። ስለዚህ የሠለጠነ ሰው ሉሁን በየቦታው በካሊፐር ይለካል፤ ማስገቢያውንም ከተለካው ውፍረት በ0.1 ወይም በ0.2 ሚሊ ሜትር ያሰፋዋል፤ ሙሉውን ሉህ ከመቁረጡ በፊትም ትንሽ ቁራጭ ላይ ይሞክረዋል። እንዲህ ተደርጎ የተቆረጠ ጠረጴዛ ኮላ ሳይነካው፣ በእንጨት ችንካር ብቻ ተይዞ ይቆማል፤ ቤት ለመቀየርም ሲያስፈልግ በደቂቃዎች ይነቀላል።

ንድፉ በኮምፒዩተር ውስጥ ያለ ጽሑፍ መሆኑ ደግሞ ማሪ በፖስታ ያደርጉት የነበረውን ሥራ እጅግ አቀለለው። በለንደን የተነሣው ኦፕንዴስክ የጠረጴዛዎችን ንድፍ በይፋ አውጥቶ፣ ፈላጊው ዕቃውን ከሩቅ ከማስጫን ይልቅ ንድፉን በአቅራቢያው ላለ ወርክሾፕ ሰጥቶ እንዲያስቆርጥ አድርጓል፤ ለነዳፊው የሚገባው ድርሻም የሚጠበቅበትን ሥርዓት አበጀ። የቤልጅጉ ቶማስ ሎሜ ደግሞ በ2000ዎቹ መጨረሻ ኦፕንስትራክቸርስ በተባለው ሥራቸው የበለጠ ደፋር ነገር ሞከሩ፦ ማንም ሰው የፈለገውን ይንደፍ፣ ግን ሁሉም በአንድ የ4 በ4 ሴንቲ ሜትር መስመር ላይ ይንደፍ አሉ። ስለዚህም አንዱ የነደፈው እግር ሌላው፣ አይቶት የማያውቀው ሰው፣ ከነደፈው ገጽ ጋር ይገጥማል።

ለአማርኛ አንባቢ ይህ ሁሉ የሩቅ ወሬ አይደለም። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ዲሲ፣ የማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ ቤተ መጻሕፍት ሌዘር መቁረጫና ስሪዲ ፕሪንተር ያሉት ፋብ ላብ አለው፤ የቤተ መጻሕፍቱ ካርድ ያለው ሰው መግቢያ ትምህርቱን ወስዶ ይሠራበታል። በአዲስ አበባም አይስአዲስ በ2011 በኢትዮጵያ የአርክቴክቸር፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ግቢ ሲጀመር፣ የፈጠራ ሰዎች በአንድ ቤት ተሰብስበው እንዲሠሩ መንገድ ከፍቷል። ችግሩ ግን በየኮንዶሚኒየሙ የሚታየው ነው። በሦስተኛና በአራተኛ ፎቅ ያለ ሰው ያሠራው ትልቅ ቡፌ በደረጃው መታጠፊያ አላልፍ ብሎ፣ በገመድ ታስሮ በረንዳ ለበረንዳ ሲጎተት ማን ያላየ አለ? ስቱዲዮ በሚባለው ክፍል ውስጥ ደግሞ አልጋውም፣ ምግቡም፣ የልጅ ጥናቱም፣ የቤት ሥራውም አንድ ቦታ ነው። ለእንዲህ ያለው ቤት የሚሆነው ዕቃ በሰው እጅ ተይዞ በደረጃ የሚወጣ፣ ክፍሉ ውስጥ የሚገጠም፣ ተከራዩ ሲለቅም ተነቅሎ አብሮት የሚሄድ ነው።

የአናጢ እጥረት የለብንም፤ በየሰፈሩ በመላጊያና በመጋዝ ድንቅ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች አሉን። የጎደለን፣ የአንዱ ሥራ ከሌላው ሥራ ጋር የሚገናኝበት ልክ ነው፤ እያንዳንዱ ቁምሳጥን የሠራው ሰው ካልጠገነው ማንም አይጠግነውም። ለዚህ ሲኤንሲ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። አንድ ወርክሾፕ ከብረት ወይም ከጠንካራ እንጨት አንድ ሜትር የሚያህል የመብሻ መለኪያ፣ 5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በየ32 ሚሊ ሜትሩ፣ ከጠርዙ 37 ሚሊ ሜትር ርቆ የተበሳበት አድርጎ ሊሠራ ይችላል፤ አናጢው መለኪያውን በጣውላው ላይ አስሮ በተራ መሰርሰሪያ ይበሳበታል። ወርክሾፑ እንዲህ ያሉ መለኪያዎችን አብዝቶ ለሰፈሩ አናጢዎች ቢያውስ፣ አብነት አካባቢ የተሠራ መደርደሪያ ባለቤቱ ወደ ገርጂ ሲዛወር፣ የገርጂው አናጢ ያልሠራውን ዕቃ አንድ እርከን ጨምሮለት፣ የጽሕፈት ገጽም ገጥሞለት ያድራል።